ዱላ ለሚበዛበት ፋይበር ግላስ የትኛውን ሬዚን እንምረጥ?

ፋይበር ግላስ የሚሠራ ሰው ዕቃው ተሰንጥቆ ሲመለስበት መጀመሪያ የሚያስበው ማት (የተከታተፈ የመስታወት ፋይበር ንጣፍ) መጨመር ነው። «አንድ ንብርብር ጣልበት» ይባላል። አንዳንዴ ይሠራል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ይከብዳል እንጂ ስንጥቁ አይቀርም። ምክንያቱም መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ፋይበሩ ሳይሆን ፋይበሩን እንደ ሙጫ የያዘው ሬዚን ነው።

ይህ መመሪያ የመኪና ፓራውልት፣ የጀልባ ሆድ፣ የማሽን ክዳን፣ የድሮን ክንድ ወይም ሌላ ግጭት የማይቀርለት ዕቃ ለሚሠራ ሰው ነው። ፋይበሩ እንዳለ ሆኖ ሬዚኑን ብቻ እየቀያየራችሁ የትኛው ምት እንደሚችል በገዛ እጃችሁ ትፈትናላችሁ። ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጥሩ ሚዛን፣ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ቶርኖ ቤት የሚቀረጽ ብረትና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ሲመታ ውስጡ ምን ይሆናል?

ድንጋይ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን የፋይበር ግላስ ሰሌዳ ሲመታ ጉዳቱ በደረጃ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ ጥቃቅን ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ስንጥቆቹ ሁለት ንብርብሮች የሚገናኙበት ቦታ ሲደርሱ ወደ ጎን ይታጠፉና ንብርብሮቹን ያላቅቃሉ። ምቱ ከበረታ በመጨረሻ ፋይበሩ ይበጠስና ድንጋዩ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሬዚኑ ጉዳይ ናቸው። የመጨረሻው በአብዛኛው የፋይበሩ ነው።

ከሦስቱ ክፉው መካከለኛው ደረጃ፣ መላቀቁ ነው። ከላይ የምታዩት አንዲት ነጥብ ናት፤ ውስጡ ግን መዳፍ የሚያክል ቦታ ተላቋል። የተላቀቀ ሰሌዳ ገጾቹ እንዳልተጣበቁ መጽሐፍ ነው። ሲጎትቱት ይችላል፤ ሲያጥፉት ወይም ከጫፍና ከጫፍ ሲጫኑት እጁን ይሰጣል። የአውሮፕላን ሰዎች በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ የላቸውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት፣ ማለትም ፋይበርና ሬዚን የተጣመሩበት ነው። የሻንጣ መጫኛ መኪና ገላውን ገፋ ሲያደርገው ላዩ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ዐይን በጭንቅ የሚያየውን ጉዳት ተሸክሞም ቢሆን እንዲበር ተደርጎ ነው የሚነደፈው።

1. ምቱን ለዩት

«ጠንካራ ይሁንልኝ» የሚል ደንበኛ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቁት። የሚፈልገው ነገር ከሦስት አንዱ ነው።

አንዱ፣ ትናንሽ ምት ቢደጋገምም ውስጥ ውስጡን እንዳይጎዳ ነው። ጠጠር የሚረጭበት ፓራፋንጎ፣ መፍቻ የሚወድቅበት ክዳን፣ ዳር ላይ የሚጋጭ ጀልባ እዚህ ይገባሉ። እዚህ ስንጥቅን የሚገታ ሬዚን ያስፈልጋል። የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

ሌላው፣ የመታው ነገር በስቶ እንዳያልፍ ነው። እዚያ ላይ ፋይበሩ ነው ጌታ። እንዲያውም የጥይት መከላከያ ሰሌዳ የሚሠሩ ሰዎች ሬዚኑን ሆን ብለው ያሳንሱታል፤ ከጠቅላላው ክብደት 20 በመቶ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ንብርብሮቹ ሲመቱ እንዲላቀቁ ይፈልጋሉ። መላቀቁ የጥይቱን ጉልበት ይበላል፤ ፋይበሩም እንደ ልቡ ይለጠጣል። ለጀልባ በሽታ የሆነው ለእነሱ መድኃኒት ነው።

ሦስተኛው፣ አንዴ ተሰባብሮ የግጭቱን ጉልበት እንዲውጥ ነው። እሱ የራሱ ትምህርት አለው፣ እዚህ አንነካውም።

ከዚያ ጉልበቱን በግምት አስሉ። 1 ኪሎ የሚመዝን መፍቻ ከ1 ሜትር ሲወድቅ 10 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይሆናል። 10 ግራም ጠጠር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲመጣ 2.5 ጁል ገደማ ነው። 300 ኪሎ ጀልባ በሰከንድ 1 ሜትር እየተንሳፈፈ ድንጋይ ሲነካ 150 ጁል ይዟል፤ ደግነቱ ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ አያርፍም። ቁጥሩ ግምት ቢሆንም ወረቀት ላይ ጻፉት። በኋላ ሰሌዳው ላይ የምትጥሉትን ክብደት የሚወስነው እሱ ነው።

2. የሬዚኑን የመረጃ ወረቀት አንብቡ

ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ የመጎተት ጥንካሬውን ነው። ለጊዜው እለፉት። በብዙ ሬዚኖች መካከል ያለው የጥንካሬ ልዩነት ያን ያህል አይደለም፤ ምትን በተመለከተም ብዙ አይነግራችሁም። እናንተ ሁለት ቁጥር ፈልጉ።

የመጀመሪያው ከመበጠሱ በፊት ስንት በመቶ እንደሚለጠጥ ነው። ተራው የመስታወት ፋይበር ከመበጠሱ በፊት ከ4.5 እስከ 5 በመቶ ይለጠጣል። ሬዚኑ 2 በመቶ ላይ የሚሰበር ከሆነ ፋይበሩ ገና ሥራ ሳይጀምር እሱ ተሰናብቷል ማለት ነው። ሰሌዳው ውስጥ ደግሞ ሁኔታው ይብሳል። ፋይበሩ ግትር ስለሆነ መለጠጡ ሁሉ በፋይበሮቹ መሃል ባለችው ትንሽ ሬዚን ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ሬዚኑ በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚለሰልስ ነው። ሬዚን እንዲለጠጥ ሲደረግ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት የመቻል አቅሙ ይቀንሳል። ሞተር አጠገብ የሚገጠም ወይም ጥቁር ቀለም ተቀብቶ አፋር ፀሐይ ላይ የሚውል ዕቃ ከሆነ ይህን ቁጥር ሳታዩ እንዳትገዙ።

አንዳንድ ወረቀት ላይ ስንጥቅን የመግታት ጉልበት የሚለካ ቁጥርም ይገኛል። ካለ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ግን እንዳያታልላችሁ። ሬዚኑ ለብቻው 10 እጥፍ ቢሻሻል ሰሌዳው 10 እጥፍ አይሻሻልም። በፋይበሮቹ መሃል ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። ሬዚኑ እንደ ልቡ ተለጥጦ ስንጥቁን የሚያደክምበት ቦታ አያገኝም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ በምድጃ በደንብ ከበሰለ፣ ማለትም እስከ ውስጡ ከጠነከረ ሬዚን የተወሰደ መሆኑንም አትርሱ። በጄሪካን ተቀድቶ ያለ ስም የመጣ ሬዚን ከሆነ ደግሞ ቢያንስ የምርት ስሙንና ኮዱን ጠይቁ። «ያው ሬዚን ነው» ካሏችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

3. ዕጩዎቹን አሰልፉ

ከርካሹ እንጀምር። ኦርቶ የሚባለው ተራ ፖሊስተር 2 በመቶ አካባቢ ይለጠጣል። ለጣሪያ፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለጌጥ ይሆናል። ለሚመታ ዕቃ ግን ከሁሉ ደካማው እሱ ነው። አይሶ ፖሊስተር 3 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ውኃንም በተሻለ ይችላል። የዋጋ ልዩነቱ ብዙ ስላልሆነ ከኦርቶ ወደ አይሶ መሻገር ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ቫይኒል ኤስተር ከ5 እስከ 6 በመቶ ይለጠጣል። ማለትም ከመስታወት ፋይበሩ እኩል ይሄዳል። አሠራሩ ከፖሊስተር ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ብሩሻችሁንም ልማዳችሁንም አትቀይሩም። እኔ ከሆንኩ ለፓራውልትም ለጀልባም መጀመሪያ የምሞክረው ይህን ነው። ጎማ የገባበት ዓይነትም አለ፤ መለጠጡ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ዋጋውን በሙቀት ትከፍሉታላችሁ። ተራው 100 ዲግሪ አካባቢ የሚለሰልስ ከሆነ ጎማ የገባበት 80 ገደማ ላይ ይለሰልሳል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ቫይኒል ኤስተር በርሜል ውስጥ ብዙ አይቆይም። የተሠራበትን ቀን ሳታዩ አትክፈሉ።

ኢፖክሲ ከፋይበሩ ጋር መጣበቅ ላይ የሚተካከለው የለም። መለጠጡ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 6 በመቶ ነው። ግን ሁሉም ኢፖክሲ ምት ይችላል ማለት አይደለም። ሙቀት እንዲችል ተብሎ ሞለኪውሎቹ ጥብቅ ብለው የተቋጠሩበት ኢፖክሲ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው።

ይህን ለማየት ከሮልስ ሮይስ ታሪክ የተሻለ የለም። ኩባንያው ለአርቢ211 የአውሮፕላን ሞተሩ ሃይፊል የተባለ የካርቦንና የኢፖክሲ ማራገቢያ ምላጭ ሠርቶ ነበር። ቀላልና ግትር ነበር። የወፍ ግጭት ፈተና ላይ ዶሮ ሲተኮስበት ግን አልቻለም፤ ወደ ቲታኒየም ተመለሱ። የሞተሩ ወጪ ተደማምሮ ኩባንያው በየካቲት 1971 እ.ኤ.አ. ከሰረና መንግሥት ወረሰው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1995 ጂኢ90 ሞተርን አገልግሎት ላይ ሲያውል ግን የካርቦኑ ምላጭ ሠራ። በዚያ መሃል የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ፋይበሩ ተሻሽሏል፣ ምላጩ ወፍሯል፣ ፊቱም ላይ ቲታኒየም ተለብጦበታል። ሬዚኑም ከተለወጡት አንዱ ነበር። ስንጥቅ እንዲገታ ተደርጎ የተሻሻለ ኢፖክሲ ነው።

የማሻሻያው ዘዴ ቀላል ነው። ከሬዚኑ ጋር ፈሳሽ ጎማ ይቀላቀላል። ሬዚኑ ሲበስል ጎማው በዐይን የማይታዩ እንክብሎች ሆኖ ይለያል። ስንጥቁ ሲመጣ እንክብሎቹ ውስጣቸው ይከፈታል፤ ዙሪያቸው ያለው ሬዚንም ይለጠጣል፣ ስንጥቁም ጉልበት ያጣል። ተዘጋጅተው የሚመጡ የጎማ እንክብሎችም አሉ፤ ጥቅማቸው የሙቀት አቅሙን ብዙ አለመቀነሳቸው ነው። የ787 ገላ ላይ ደግሞ ቶሬይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በንብርብሮቹ መሃል ጠንካራ የፕላስቲክ ቅንጣቶችን አስገብቷል። ሬዚኑን ሁሉ ከማለስለስ ይልቅ ስንጥቁ የሚሮጥበትን መንገድ ብቻ መዝጋት ማለት ነው።

ቀልጠው እንደገና የሚቀረጹ ፕላስቲኮችም አሉ። ኤርባስ በኤ380 ክንፍ የፊት ጠርዝ ላይ ፒፒኤስ ከሚባለው ፕላስቲክና ከመስታወት ፋይበር የተሠራ ሽፋን የተጠቀመው ወፍንና በረዶን አስቦ ነው። ግሩም ናቸው። ግን ከፍተኛ ሙቀትና ፕሬስ ይፈልጋሉ። በብሩሽና በባልዲ ለሚሠራ ሰው አይሆኑም።

4. ፋይበሩና ሬዚኑ መግባባታቸውን አረጋግጡ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ማት የሚባለው የተከታተፈ ፋይበር እንዳይበተን የሚይዘው ማጣበቂያ አለው። አብዛኛው ማጣበቂያ የሚሟሟው ፖሊስተርና ቫይኒል ኤስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በሚባል ፈሳሽ ነው። ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን የለም። ስለዚህ ተራውን ማት በኢፖክሲ ብትነክሩት ሳይለሰልስ ይቀራል፤ ከሞልዱ ጥግ ጋርም አይታጠፍም። ለኢፖክሲ የተሸመነ ወይም የተሰፋ ጨርቅ ውሰዱ።

የፋይበሩ ገጽም ከሬዚኑ ጋር እንዲያያዝ በፋብሪካ የሚቀባ ነገር አለው። የካርቦን ጨርቅ ብዙ ጊዜ ለኢፖክሲ የተዘጋጀ ነው። በፖሊስተር ብትነክሩት ውድ ፋይበር ገዝታችሁ ደካማ ሰሌዳ ታገኛላችሁ። ሻጩን «ለየትኛው ሬዚን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

5. የፈተና ሰሌዳ ሥሩ

ሁለት ወይም ሦስት ሬዚን ምረጡ። ለእያንዳንዱ አንድ ሰሌዳ ሥሩ። ሁሉም ላይ ፋይበሩ፣ የንብርብሩ ቁጥርና የሬዚኑ መጠን አንድ መሆን አለበት። አለዚያ የምትፈትኑት ሬዚኑን ሳይሆን እጃችሁን ነው።

የምመክረው መጠን 350 በ350 ሚሊ ሜትር ነው። ጠርዙ ተከርክሞ 100 በ150 የሆኑ 6 ቁራጮች ይወጡታል። ይህ ልክ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ኤኤስቲኤም ዲ7136 የሚባለው የምት ፈተና ደንብ የሚጠቀምበት ነው። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሆነውን ማት 4 ንብርብር ቁረጡ። ሚዛን ላይ ስታወጡት 220 ግራም ገደማ መሆን አለበት። በእጅ ሲሠራ ማት ከጠቅላላው ክብደት 30 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ መቅረት ያለበት ሬዚን 515 ግራም ገደማ ነው። ባልዲና ብሩሽ ላይ ለሚቀረው ትንሽ ጨምሩ። ውፍረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል።

ኢፖክሲም ውድድሩ ውስጥ ካለ ማቱን ተዉትና ሁሉንም ሰሌዳ በአንድ የተሸመነ ጨርቅ ሥሩ። እዚያ ሬዚኑ ከጨርቁ ክብደት ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው።

ሰም የተቀባ መስታወት ወይም ሌሚን የለበሰ ሰሌዳ ላይ ሥሩት። ንብርብር በንብርብር ንከሩ፣ በብረቱ ሮለር አየሩን አስወጡ። ሲደርቅ መዝኑት። ሁለት ሰሌዳዎች በክብደት ከ5 በመቶ በላይ ከተለያዩ ከባዱን ጣሉና ድገሙ። ሬዚን የበዛበት ሰሌዳ ወፍራምና ጠንካራ ይመስላል፤ ሲመታ ግን ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሱ ነው።

ሬዚኑ ወፈረብኝ ብላችሁ አሴቶን እንዳትጨምሩበት። አሴቶኑ ሰሌዳው ውስጥ ይቀርና ቀዳዳና ድክመት ይሆናል።

6. በደንብ ይብሰል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ውድ ሬዚን ተገዝቶ ግማሽ ጥሬ ይቀራል። ጥሬ የቀረ ሬዚን በእጅ ሲነኩት ደርቋል፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ግን በጭራሽ አይሰጥም።

ለፖሊስተርና ለቫይኒል ኤስተር ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ለ515 ግራም ሬዚን በ1.5 በመቶ 8 ግራም ገደማ ይሆናል። በቡሽ አትለኩ፤ በሚዛን ወይም በሲሪንጅ ለኩ። ኢፖክሲ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሬዚኑና ሃርድነሩ የሚቀላቀሉበት ልክ አይነካም። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ ሃርድነር መጨመር ኢፖክሲን ያበላሻል እንጂ አያፈጥንም።

አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያ በታች ይወርዳል። ማታ ተሠርቶ እንዲያድር የተተወ ሰሌዳ በዚያ ብርድ አይበስልም። ጠዋት ጀምሩ። ከ20 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ሰሌዳውን አንድ ቀን ሙሉ አቆዩትና ከዚያ ሙቀት ስጡት። ለፖሊስተር የተለመደው በ40 ዲግሪ 16 ሰዓት ወይም በ80 ዲግሪ 3 ሰዓት ነው። 40 ዲግሪውን ለማግኘት የኮምፔንሳቶ ሳጥን፣ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ቴርሞሜትር ይበቃል። በክፍል ሙቀት ብቻ የደረቀ ኢፖክሲ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ሊለሰልስ ይችላል። ስለዚህ እሱም ሳጥኑ ውስጥ ይግባ፤ ዲግሪውን ከራሱ ወረቀት ውሰዱ።

መብሰሉን ለማረጋገጥ ፖሊስተሩን በአሴቶን የተነከረ ጨርቅ እሹት። ከተጣበቀ ወይም ከለሰለሰ አልበሰለም።

ስለ ጥንቃቄ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ ኮባልት የሚባለውን ማፍጠኛና ኤም ኢ ኬ ፒ ሃርድነርን ፈጽሞ በቀጥታ አታገናኙ፤ ይፈነዳል። ኮባልቱ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ ገብቶ በደንብ ይማሰል፣ ሃርድነሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። ሁለተኛ፣ ሃርድነሩ ዐይን ውስጥ ከገባ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። መነጽር ሳታደርጉ ጠርሙሱን አትክፈቱ። ጓንት፣ ጭምብልና የተከፈተ መስኮት እንደሚያስፈልግ ለዚህ ሥራ ሰው መንገር አይገባም።

7. ክብደቱን ጣሉ

2 ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ በቁሙ እሰሩ። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ በትክክል 2 ኪሎ የሚመዝን፣ ጫፉ 16 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ግማሽ ክብ የሆነ ብረት አስቀርጹ። ቱቦው ውስጥ ሳይነካካ መውረድ አለበት። ከላይ ገመድ እሰሩበት።

ለመደገፊያው ወፍራም ኮምፔንሳቶ ውሰዱና መሃሉን 75 በ125 ሚሊ ሜትር ቁረጡ። ቁራጩን ሰሌዳ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡና አራቱን ማዕዘን በክላምፕ ያዙት። ኮምፔንሳቶው ራሱ ወለል ላይ ጠንክሮ ይቀመጥ። ከተወዛወዘ ጉልበቱን እሱ ይበላዋል።

ቁመቱ እንዲህ ነው። በ2 ኪሎ 5 ጁል ለማግኘት 25.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለ10 ጁል 51፣ ለ20 ጁል 102 ሴንቲ ሜትር። ኤኤስቲኤም ዲ7136 በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 6.7 ጁል ይላል። ለ4.2 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ 28 ጁል ገደማ ነው፤ ቁመቱም 143 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በደረጃ 1 ያሰላችሁት የራሳችሁ ጁል ካለ እሱንም ጨምሩ።

አንድ ቁራጭ አንዴ ብቻ ይመታል። ብረቱ ነጥሮ ሁለተኛ እንዳይመታው ገመዱን ወዲያው ያዙ። ለዚህ ሁለት ሰው መሆን ይሻላል፤ አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ይይዛል። ከ6ቱ አንዱን ሳትመቱት አስቀምጡ። አንዱን ደግሞ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩና እንደወጣ ምቱት። ሬዚን በብርድ ይሰባበራል። ደጋ አገር ጠዋት ላይ የሚጋጭ ፓራውልት ከፀሐይዋ በፊት ምን እንደሚሆን ያኔ ታያላችሁ።

8. ብርሃን ላይ አንሱት

የመስታወት ፋይበር ትልቅ ጸጋ ብርሃን ማሳለፉ ነው። ቁራጩን አምፖል ፊት ያዙት። የተላቀቀው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ጤነኛው አምበር ወይም አረንጓዴ ቢጤ ብርሃን ያሳልፋል። የነጣውን ዙሪያ በቀጭን ማርከር አስምሩ። ከዚያ የካሬ ደብተር ወረቀት ላይ ገልብጡትና ካሬዎቹን ቁጠሩ። ያ ቁጥር የሬዚናችሁ ውጤት ነው።

ካርቦን ከሆነ ብርሃን አያልፍበትም። በሳንቲም አንኳኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀው ደንቆሮ ድምፅ አለው። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ከዳር ወደ መሃል እየመጣችሁ ድምፁ የሚለወጥበትን ሁሉ ምልክት አድርጉ።

ጀርባውንም አትርሱ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተመታው ፊት ሳይሆን ከጀርባው ነው፤ የሚለጠጠው እሱ ነውና። ትንሽ የእስክሪብቶ ቀለም ቀብታችሁ ጥረጉት። ስንጥቁ ቀለሙን ይዞ ይቀራል።

አሁን የጉዳቱን መልክ አንብቡ። ዋናው ነገር እዚህ ነው። ሰፊ ነጭ ክብ ካያችሁ፣ ፋይበሩም ካልተበጠሰ፣ የወደቀው ሬዚኑ ነው። የተሻለ ሬዚን ይጠቅማችኋል። ነጩ ጠባብ ሆኖ መሃሉ ላይ ፋይበሩ ተበጥሶ ጀርባው እንደ ኮከብ ከተከፈተ ግን ሬዚኑ የድርሻውን ተወጥቷል። ከዚህ በላይ ውድ ሬዚን መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ያኔ ነው «አንድ ንብርብር ጣልበት» ትክክል የሚሆነው፤ ማት ሳይሆን የተሸመነ ጨርቅ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

በመጨረሻ ያልተመታውንና የተመቱትን ተራ በተራ ሁለት ጫፋቸውን ደግፋችሁ መሃላቸው ላይ እኩል ክብደት ስቀሉ። ምን ያህል እንደጎበጡ በማስመሪያ ለኩ። ከምት በኋላ ያልተመታውን ያህል ብቻ የሚጎብጥ ቁራጭ የሰጠው ሬዚን ነው አሸናፊው። በጣም የጎበጠው የላዩ ነጥብ ትንሽ ብትሆንም ውስጡ አልቋል።

9. ገንዘቡን የት ታፈሱታላችሁ?

ሙሉ ዕቃውን በውድ ሬዚን መሥራት ግዴታ አይደለም። ጣና ላይ የሚሄድ ጀልባ ከድንጋይ ጋር የሚነካካው አፍንጫውና ሆዱ ነው። እነዚያን በቫይኒል ኤስተር፣ የላይኛውን ጎን በአይሶ መሥራት ይቻላል፤ ሁለቱ እርጥብ ላይ እርጥብ ሲሠሩ በደንብ ይያያዛሉ። ቫይኒል ኤስተሩ ከታች ሲሆን ውኃ ሠርጎ የሚያመጣውን ማበጥም ይከላከላል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

ፓራውልት ላይ ደግሞ ችግሩ ጄልኮቱ (ላዩን የሚሸፍነው የሬዚን ቅብ) ሊሆን ይችላል። ከ0.4 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። «ያምርልኝ» ተብሎ 1 ሚሊ ሜትር ሲቀባ ስሩ ያለው ሬዚን ምንም ቢሆን ላዩ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ሬዚኑን ወደሚለጠጥ ከቀየራችሁ ጄልኮቱም አብሮ የሚለጠጥ ይሁን።

ለድሮን ክንድ ኢፖክሲ፣ በተለይ ጎማ የገባበት፣ ዋጋውን ያወጣል፤ የሚፈጀው ሬዚን ጥቂት ስለሆነ የበርሜል ሒሳብ አያስጨንቅም። የማሽን ክዳን ከሆነ አይሶ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሙቀት ካለው ቁጥሩን ተመልሳችሁ እዩ።

ዕቃው አንድ ቀን ተመትቶ ሲመጣላችሁ ጥገናው ላይም ያው የሬዚን ጥያቄ ይመጣል። ኢፖክሲ በበሰለ ፖሊስተር ላይ በደንብ ይጣበቃል። ፖሊስተር ግን በበሰለ ኢፖክሲ ላይ አይታመንም። መጀመሪያ በምን እንደተሠራ ካላወቃችሁ ጥገናውን በኢፖክሲ አድርጉት። የምትቆርጡት የሚታየውን ቀዳዳ ሳይሆን በብርሃን ወይም በሳንቲም ያገኛችሁትን የመላቀቅ ወሰን ነው። ከዚያ ጠርዙን በግራይንደር አስሉት፤ ለ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ጎን እንዲሄድ። በብርጭቆ ወረቀት አሻክራችሁ አቧራውን ከጠረጋችሁ በኋላ ንብርብሮቹን መጣል ትችላላችሁ።